የአርባ ሰባተኛው ሻለቃ ትከሻ

በዓለም ላይ ከተሸነፉ ጦሮች ሁሉ እንደኛ በሥርዓት የተሸነፈ ያለ አይመስለኝም። ሌላው ጦር ሲሸነፍ ይሸሻል፣ ይበተናል፣ ቢያንስ ይሳደባል። እኛ ስንሸነፍ ልቅሶ እንቀመጥ ነበር።

ጦሩ የተመሠረተው ወንድዬ ጌም ቤት ውስጥ ነው። ጌም ቤቱ ከማረሚያ ቤቱ በር ወረድ ብሎ፣ እናቴ አቻምየለሽ የጠያቂዎችን ስልክና ቦርሳ ከምታስቀምጥበት ኪዮስክ ጀርባ የተጎለተ አሮጌ ኮንቴይነር ነበር። በበጋ እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ ይግላል። በክረምት ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው የጠላት ተኩስ ከየት እንደሚመጣ መለየት አይቻልም። ሚሌኒየሙ በተከበረ ማግስት ወንድዬ ኢንተርኔት አስገባ፤ ሰፈራችንም በአንድ ቀን ከዓለም ጋር ተገናኘ፣ መብራት ካልጠፋ።

ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ስሜ ትንቢት ነው። አፍንጫዋ ሥር የሚሆነውን ነገር ለመረዳት ዕድሜ የፈጀባትን ልጅ እንዲህ ብለው የሰየሟት ወላጆቼ ናቸው፤ እኔ የለሁበትም።

ጌሙ የድሮ ዘመን ጦርነት ነው። ወታደሮቹ ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ ፊት ለፊት እየተያዩ የሚታኮሱ እግረኞች ናቸው፤ አንዴ ከተኮሱ በኋላ ጠመንጃቸውን እንደገና እስኪያጎርሱ ሻይ ይፈላል። ብቻውን የገባ ሰው ወዲያው ይሞታል። ስለዚህ ሰው ቡድን ይመሠርታል፤ ፈረንጆቹ ደግሞ ቡድናቸውን የሚሰይሙት በአገራቸው በነበረ እውነተኛ የጦር ክፍል ነው። የኮቱን ቀለም፣ የኮፍያውን ላባ፣ ማዕረጉን ሳይቀር ያስመስላሉ። ሁልጊዜ እሑድ ከሰዓት የሚገጥሙን ሰማያዊ ኮት ለባሾች ነበሩ። ስማቸው ለአፋችን ስለከበደን «ሰማያዊዎቹ» አልናቸው።

አንድ እሑድ ሰማያዊዎቹ የሆነ ነገር ጻፉ። ወንድዬ ስክሪኑ ላይ ተደፍቶ አነበበ። እንግሊዝኛ ይችላል ተብሎ ይታመን ነበር፤ የሚያርመው ሰው ስላልነበረ።

«የጦር ክፍላችሁ የቱ ነው? ታሪኩስ? ነው የሚሉት።»

«ብላክ ታይገርስ በላቸው» አለ ሮሪሳ። ሮሪሳ ከሁላችን ረጅሙ ስለነበር ራሱን አዛዥ አድርጎ ሾሟል።

«የት ነው የተዋጋው ብላክ ታይገርስ?» አለች ሚራክል። «ቶታል ማደያ ጋ?»

የሮሪሳ ታናሽ እህት ሃዊ ሳቀች፤ የጎረቤታችን መንትዮችም ሳቁ። ስድስታችን ይኸው ነበርን። ታሪክ ያስፈልገን ነበር፣ ታሪክ ደግሞ ከኪዮስካችን ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ በየቀኑ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል።

ሃምሳ አለቃ ሂርጳ ይባላሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ በሐምሌም በሚያዝያም ያንኑ የወታደር ካፖርት የሚለብሱ ሽማግሌ ናቸው። ከዘራቸውን በቀኝ፣ አንዲት የተቆለመመች ጡሩንባ በግራ ያስቀምጣሉ። ሮጠን ሄደን ከበብናቸው።

«ሃምሳ አለቃ፣ የርስዎ ጦር ስሙ ማነው?»

«አርባ ሰባተኛ እግረኛ ሻለቃ።» ይህን ሲሉ ወገባቸው ቀና ይላል።

«ለኛ ይስጡን!»

«ምን ልታደርጉት?»

«ልንዋጋበት።»

ተራ በተራ አዩን። ከዚያ፣ እስከ ዛሬ ድረስ ቃል በቃል የማስታውሰውን ጥያቄ ጠየቁ።

«ስንት ናችሁ?»

«ስድስት።»

«ጤነኞች ናችሁ?»

«ሚራክል ቶንሲል አለባት» አለ ሮሪሳ።

«እሱ ምንም አይደል። ሰፈሩን ልትለቁ አላሰባችሁም?»

አላሰብንም። ተነሡና ኮንቴይነሩን አስደግፈው በሰልፍ አቆሙን። ከዘራቸውን በትከሻችን ላይ አግድም አስተኝተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ውሃ ልኩን እንደሚያይ ግንበኛ ተመለከቱ። ከዘራው ወደ ሃዊ አዘነበለ።

«ትከሻ ነው ዋናው» አሉ። «ጠመንጃማ ማንም ይይዛል። አጭሮቹ ከፊት፣ ረጅሞቹ ከኋላ።»

ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። እውነተኛ ወታደር በእውነተኛ መለኪያ ለክቶ ተቀበለን። ጦርነት የትከሻ ጉዳይ መሆኑን የማያውቁትን ሰማያዊዎቹን አሰብኩና አዘንኩላቸው።

በማግስቱ ሥልጠና ተጀመረ። ሃምሳ አለቃ አግዳሚውን ወንበር አነሡትና በላዩ ላይ የእናቴን የሽንኩርት ከረጢት ጭነው ስድስታችንን አሸከሙን። ከኪዮስኩ እስከ መብራት ምሰሶው፣ ከምሰሶው እስከ ኪዮስኩ። ልንሮጥ ስንል ከዘራቸው ትነሣለች።

«ሱታ! ሱታ! ቀስ! ምን ያስቸኩላችኋል? እግረኛ አይሮጥም።»

«ጠላት ቢደርስብንስ?» አለ ሮሪሳ እያለከለከ።

«የሚደርሰው ቢሮጡም ይደርሳል።»

እኔ አግዳሚው መድፍ ነው ብዬ ደምድሜያለሁ። ከረጢቱ ባሩድ ነው። ዛሬ ሳስበው፣ በዚያ ሁሉ ሥልጠና ውስጥ ስለ መተኮስ አንዲት ቃል አልተነገረንም፤ ያኔ ግን ይህ የጥልቅ ወታደራዊ ጥበብ ምልክት መሰለኝ።

ደንብም ሰጡን። ጡሩንባ ሲነፋ የያዝከውን ጥለህ ትመጣለህ። የወደቀ ሰው ብቻውን አይተውም። ቀሪ ይቀጣል፤ ቅጣቱ ለሁሉም ብስኩት መግዛት ነው። ይህ የየትኛውም እድር ደንብ መሆኑን እናቶቻችን ወዲያው ይለዩት ነበር። እኛ ግን የጦር ሕግ ነው ብለን ተቀበልን፤ የተቀበልነውን ደግሞ እሑድ ዕለት ጦር ሜዳ ይዘነው ገባን።

ውጤቱን መገመት አያቅትም። ሰማያዊዎቹ ከኮረብታው ማዶ ሲመጡ፣ አርባ ሰባተኛ እግረኛ ሻለቃ በሱታ ሱታ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ፣ አጭሮቹን አስቀድሞ ወደ ፊት ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ ሚራክል ተመታች። አምስታችንም ጠመንጃችንን ዝቅ አድርገን ከበብናት። ሰማያዊዎቹ ሊስቱን እንኳ ዕድል አላገኙም።

«ምን አሉ?» አልኩት ወንድዬን።

«ታመዋል ወይ ነው የሚሉት።»

በሚቀጥለው ሳምንትም እንዲሁ ሆነ። ሃምሳ አለቃ አንድ ቀን አጎንብሰው ኮንቴይነሩ ውስጥ ገቡና ከኋላዬ ቆመው አዩ። ወታደሬ ሣሩ ላይ ተዘርሯል።

«ይቺ ማናት?»

«እኔ ነኝ።»

«ሞተሽ ነው?»

«አዎ።»

«የሚያነሣሽ ማነው?»

«ማንም። ትንሽ ቆይቼ ራሴ እነሣለሁ።»

«ራስሽ?»

«ራሴ።»

«እንዲህማ ከሆነ» አሉ ሃምሳ አለቃ፣ «ምን እድር ያስፈልጋል?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። የሳቅንበት ነገር ግን የሁለታችን የተለያየ ነበር።

በዚያ ሰሞን አንድ ከሰዓት፣ ኪዮስኩ ውስጥ የጠያቂዎች ቦርሳ ክምር ላይ ተጋድሜ የእናቴንና የሃምሳ አለቃን ወሬ ሰማሁ።

«ተስፋሚካኤልም ሄደ» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«ሰማሁ እኮ። ልቤ ነው የተነካው። አሁን ከሻለቃው እድር ማን ቀረ?»

«እኔ። እኔና ድንኳኑ።»

«የሰፈሩ እድር አይቀበልዎትም እንዴ? እነጋሽ የሺዋስ?»

«ጠይቄው ነበር። ዕድሜዎ ገፍቷል አለኝ። ድንኳኑን ግን በደስታ እንቀበላለን አለ።»

እናቴ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ «ውይ፣ ይቅርታ ሃምሳ አለቃ» አለች።

«ሳቂ፣ ሳቂ። እኔም እየሳቅኩ ነው የመጣሁት። ብቻ፣ አቻምየለሽ፣ ሰው ተከራይተው አነሡት መባል… እሱ ነው የሚከብደኝ።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ተስፋሚካኤል የሚባል ወታደር ወደ ናዝሬት ሄዷል፤ ልጁ ናዝሬት እንዳለ አውቃለሁና። ሁለተኛ፣ ጋሽ የሺዋስ የሻለቃችንን ድንኳን ሊማርክ አስቧል። ድንኳኑን አይቼዋለሁ፤ አረንጓዴ ሸራ ሆኖ «47» የሚል ነጭ ቁጥር ተጽፎበታል። ባንዲራ ለሌለው ጦር ከዚህ የበለጠ ባንዲራ የለም። ሮጬ ለሮሪሳ ነገርኩት። ሮሪሳም ፊቱን አጨፍግጎ «ጦርነት ነው» አለ።

ጋሽ የሺዋስ የሰፈሩ እድር ዳኛ ነበር። ከፋብሪካ ጡረታ የወጣ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ሲያስነጥስ እንኳ በአጀንዳ የሚመስል ሰው። የመጣው እሑድ ከሰዓት ነው፤ ሁለት የኮሚቴ አባላት አስከትሎ። እኛ ኮንቴይነሩ ውስጥ ሆነን ከሰማያዊዎቹ ጋር ተያይዘናል፤ ያን ቀን ደግሞ፣ በታሪካችን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እያሸነፍን ነበር። ሚራክል የድንጋይ አጥር አግኝታለች። ከአጥሩ ኋላ ሆነን ማንም ሊመታን አልቻለም። የተመታ ከሌለ ደግሞ የሚለቀስለት የለም፤ የሚለቀስለት ከሌለ ተኩስ አይቋረጥም። ሰማያዊዎቹ አንድ በአንድ እየወደቁ ነው።

ከውጭ የጋሽ የሺዋስ ድምፅ ይሰማል።

«ሃምሳ አለቃ፣ በክብር ነው የምናነጋግርዎት። የአንድ ሰው እድር፣ እድር አይባልም። ደንቡ ስድስት አባል ይላል። ድንኳን የሚተክል፣ ሬሳ የሚያነሣ ስድስት አባል። ያ ከሌለ ንብረቱ ወደ ሰፈሩ እድር ይዛወራል።»

«ስድስት አለኝ።»

«የታሉ?»

ጡሩንባዋ ተነፋች።

ስድስታችንም እጃችን መዳፊቱ ላይ ደረቀ። ስክሪኑ ላይ የቀሩት ሰማያዊዎቹ ሦስት ብቻ ናቸው። ሮሪሳ እኔን አየኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«አንዴ ብቻ እንተኩስ» አለ።

«ጡሩንባ ነው» አለች ሃዊ፣ ከሁላችን ታናሿ፣ ከወንበሯ እየወረደች።

ጥለን ወጣን።

ጋሽ የሺዋስ ሲያየን መጀመሪያ ከኋላችን የሚመጣ ትልቅ ሰው የጠበቀ መሰለ። አልመጣም።

«እነዚህ?»

«እነዚህ።»

«ልጆች እኮ ናቸው!»

«ደንቡ ዕድሜ ይላል?»

ጋሽ የሺዋስ ወደ አንዱ የኮሚቴ አባል ዞረ። የኮሚቴ አባሉ ወደ መሬት አየ።

«አይልም» አለ ጋሽ የሺዋስ፣ ደንብ ባከበረ ቁጥር እንደሚያመው ሰው። «ሦስቱ ደግሞ ሴቶች ናቸው። ሴት ልጅ ሬሳ ስታነሣ የት ነው ያዩት?»

«ደንቡስ?»

«… እሱንም አይልም።»

«ድንኳን!» አሉ ሃምሳ አለቃ።

ድንኳኑን አወጣነው። ካስማ መትተን፣ ገመድ ወጥረን፣ ምሰሶውን አቆምን። የአንደኛው መንትያ ጣት በመዶሻ ተመታ፣ ሆኖም አላለቀሰም። ያ አረንጓዴ ሸራ ከኪዮስኩ አጠገብ ተነፋፍቶ ሲቆም፣ ስልክ ሊያስቀምጡ የተሰለፉ ጠያቂዎች ዞረው ማየት ጀመሩ።

«መልካም» አለ ጋሽ የሺዋስ። «ድንኳን ማንም ይተክላል። ማንሣቱስ?»

ሃምሳ አለቃ ከዘራቸውን ለእናቴ ሰጡ። ካፖርታቸውን እስከ ላይ ቆለፉ። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ ቀስ ብለው እግራቸውን አነሡ፣ በጀርባቸው ተጋደሙ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አንሡ» አሉ።

አነሣን። ከሽንኩርቱ ይከብዳሉ፣ ካሰብኩት ግን ይቀላሉ። አጭሮቹ ከፊት፣ ረጅሞቹ ከኋላ። የወደቀ ጓድ ከጦር ሜዳ ማንሣት መሆኑ ነው ብዬ ልቤ ነደደ።

«ሱታ» የሚል ድምፅ ከበላያችን መጣ።

መብራት ምሰሶው ጋ ሳንደርስ ነገሩ ተበላሸ። ከማረሚያ ቤቱ በኩል የሚመጡ ጠያቂዎች ድንኳን አዩ፤ ቀጥሎ የተሸከምነውን አዩ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተከተሉን። አንድ ሚኒባስ ቆመ፤ ረዳቱ ኮፍያውን አወለቀ። ከማዶ ድንች የምትሸጠው እትዬ ፈለቀች ካፖርቱን ለየችው። ፈለቀች ደግሞ የማታውቀው ሰው ቀብር ላይ እንኳ ድምፅዋ እስኪዘጋ የምታለቅስ ናት።

«ሃምሳ አለቃዬ!» ብላ ደረቷን መታች። «ትናንት እኮ ድንች ገዝተውኝ! ምነው፣ ምነው ሳይነግሩኝ!»

ዙሪያው ሁሉ ተቀብሎ አለቀሰ። አንዲት የማላውቃት ሴት ጭንቅላቴን እየዳበሰች «አይዞሽ፣ አባትሽ ናቸው?» አለችኝ። ሮሪሳ ከኋላ ሆኖ ራሱ ማልቀስ ጀመረ፤ ለሦስቱ ሰማያዊዎች ይሁን ለሃምሳ አለቃ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ፈለቀች እየጮኸች መጥታ አግዳሚው ላይ ተደፋች።

ሃምሳ አለቃ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ፈለቀች» አሉ፣ «ገና ነው።»

የፈለቀች ጩኸት ያን ጊዜ ነው ጩኸት የሆነው። ሃዊ ደንግጣ ትከሻዋን አወረደች፤ አግዳሚው ወደ ፊት አዘቀዘቀ፤ ሃምሳ አለቃ በጫማቸው ወደ መሬት መንሸራተት ጀመሩ። በዚህ መሃል አንድ ትልቅ ትከሻ ከሥር ገብቶ አግዳሚውን ቀና አደረገው። ዞሬ አየሁ። ጋሽ የሺዋስ ነው። ኮፍያውን አውልቆ በብብቱ ይዟል። የሚያልፍ ቃሬዛ አይቶ ቆሞ መቅረት የማይችል ሰው ነበረ፤ እግሩ ከደንቡ ቀድሞ ተነሣ።

ምሰሶውን ዞረን እስክንመለስ ድረስ አልለቀቀም። አግዳሚውን ስናወርድ ላቡን ጠረገና ለኮሚቴው «አርባ ሰባተኛ፣ አባል ስድስት፣ ይቀጥል» አለ። ለሃምሳ አለቃ ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ «ሲያነሡ ግን ግራው በኩል ይሰንፋል፤ ያስተካክሉ» አላቸው።

እናቴ የኪዮስኩን በር ተደግፋ እየሳቀች ታለቅስ ነበር። ሹራቤ ትከሻው ላይ ተተርትሮ ስለነበር በሱ የተናደደች መሰለኝና በዚያ ሌሊት በራሴ ሰፋሁት። ሹራቡን ልብ እንኳ እንዳላለችው የነገረችኝ በቅርቡ ነው።

ወደ ኮንቴይነሩ እየሮጥን ተመለስን። እንደሞትን እርግጠኞች ነን። ግን ስክሪኑ ላይ ስድስት ወታደሮቻችን ከአጥሩ ኋላ እንደቆሙ ናቸው። ከፊት ለፊታቸው ሦስቱ ሰማያዊዎች ጠመንጃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ንቅንቅ ሳይሉ ቆመዋል።

«አልተኮሱም?» አለች ሚራክል በሹክሹክታ።

«አልተኮሱም» አለ ወንድዬ። «እስከምትመጡ ጠበቋችሁ።»

ያ ለኔ በልጅነቴ ካየሁት ሁሉ ትልቁ ነገር ነበር። የማናውቃቸው፣ ፊታቸውን የማናይ ሰዎች፣ ከባሕር ማዶ ሆነው ሥርዓታችን ገባቸው አልን። ሮሪሳ ተነሥቶ ለስክሪኑ ሰላምታ ሰጠ። ለብዙ ዓመት፣ የሰው ልጅ ተስፋ የሌለው ፍጡር ነው የሚል ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ይህን ታሪክ ነበር የምነግረው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ድርሰት ጽፌበት ተጨብጭቦልኛል።

ኔትወርኩ ተቋርጦ እንደነበር ወንድዬ የነገረኝ ከጥቂት ዓመት በፊት ነው። እኛ ስንወጣ ስክሪኑ ደርቆ ቀርቷል። «ታዲያ ልጆች ናችሁ» አለኝ፣ «ምን ልበላችሁ?»

ሃምሳ አለቃ ሂርጳ ከዚያ በኋላም ለረጅም ዘመን ኖሩ፤ ጤንነታቸው ለጋሽ የሺዋስ ስድብ እስኪመስል ድረስ። ኮንቴይነሩ ተነሣ፣ ጌሙ ተረሳ። ሮሪሳ በኮዬ ፈጬ መስመር ሚኒባስ ይነዳል። ሚራክል ቂሊንጦ ፋብሪካ ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ናት። ሃዊ አግብታለች፤ መንትዮቹ አብረው ጋራዥ ከፍተዋል። «47ኛ እግረኛ» የሚል የቴሌግራም ግሩፕ አለን፤ የበዓል ካርድ ከመላላክ ሌላ ሥራ የለውም። ባለፈው የካቲት አንድ ማለዳ ሚራክል አንዲት ቃል ብቻ ጻፈችበት።

«ጡሩንባ።»

ማንም ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀም። ሮሪሳ ተሳፋሪዎቹን ሳሪስ ላይ ይቅርታ ጠይቆ አወረደ። ሚራክል ፈረቃዋን ጥላ ወጣች። ድንኳኑን ስንተክል አረንጓዴው ገርጥቷል፤ ቁጥሩ ግን ይነበባል። ሃምሳ አለቃን ሰው ተከራይቶ ያነሣቸው የለም። ሮሪሳ ከሁላችን በላይ ስለረዘመ እስከ ቀብሩ ድረስ ጉልበቱን አጥፎ ሄደ፤ ሃዊ በጫማዋ ጫፍ ሄደች። ስንፈጥን፣ ማናችን እንደሆነ አላወቅኩም፣ አንዳችን «ሱታ» አለ።

ማታ ላይ ሸራውን ስናጥፍ ጋሽ የሺዋስ መጣ። አርጅቷል፤ ከዘራ ይዟል። የሱ እድር አባላት ገሚሱ ኮንዶሚኒየም ደርሶት፣ ገሚሱ ቤቱ ፈርሶበት፣ በየአቅጣጫው ተበትኗል። ገመዱን ስንጠቀልል ቆሞ ተመለከተን፤ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ስንት ናችሁ?» አለ።

ሮሪሳ ቀና አለ። «ስድስት፣ ጋሽ የሺዋስ።»

«ጤነኞች ናችሁ?»

«ሚራክል ቶንሲሏን አስወጥታለች።»

«ሰፈሩን… ማለቴ፣ ርቃችሁ ልትሄዱ አላሰባችሁም?»

ማንም አልሳቀም። ሚራክል ያጠፈችውን ሸራ መሬት አስቀመጠች። ከዘራውን ከእጁ ወሰደችና በትከሻው ላይ አግድም አስተኝታ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ተመለከተች።

«ግራው በኩል ትንሽ ይሰንፋል» አለች። «ያስተካክሉ።»